ወደ መቃብሬ የሄድኩበት መንገድ፦ ከያዮ እስከ ጎሬ አሮጌ መናኸሪያ

ሳልሞት ቀበሩኝ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ነገር ማጣፈጥ አልችልበትም። የጎሬ ሰው ድንኳን ጥሎ አለቀሰልኝ፣ እድሬ ጉድጓድ ቆፈረልኝ፣ ቄሱ ፍትሐት አደረሱልኝ፣ ድንጋይ ላይ ስሜ ተቀረጸ። በገዛ እግሬ ሄጄ "አለሁ" ስል ደግሞ የቀበረኝ እድር ቃሌን አላጥፍም አለ። ስሜ ተፈራ ዋቅጅራ ነው። ይህን የምጽፈው በሕይወት ሆኜ ነው።

እንዴት እንደሆነ ላስረዳ። ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጎሬ መናኸሪያ ጫኝና አውራጅ ነበርኩ። አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ ጎህ ሳይቀድ ይነሳል። መንገደኛው ሻይ ሊጠጣ ሲወርድ ወንበሩን የምንይዝለት እኛ ተሸካሚዎቹ ነን፤ ከላያችን ያለውን ልብስ አውልቀን ወንበሩ ላይ እንጥላለን። የተሸካሚ ልብስ ያረፈበት ወንበር ላይ ማንም አይቀመጥም፤ የቦታው ሕግ ነበር። የእኔ ልብስ አሮጌ የወታደር ካፖርት ነው። ገበሩ አልቆ ነፋስ በፊት ገብቶ በጀርባ ይወጣል፤ ብርድ አያስጥልም። ግን ሚስቴ ትከሻው ላይ ቀይ ጨርቅ ስለጣፈችበት ጎሬ ውስጥ የማያውቀው አልነበረም።

አንድ ቀን ቦታ የያዝኩለት ሰው ሳይመጣ ቀረ። አውቶቡሱ ካፖርቴን እንደያዘ ወጣ። ሾፌሩ ሲመለስ ይሰጠኛል ብዬ ጨው በጫነ መኪና ላይ ለማራገፍ ጋምቤላ ወረድኩ። አውቶቡሱ በዚያው ቀን ገደል ገባ። የሞቱት ከወንዝ ውስጥ አንድ በአንድ ወጡ፤ ቤተሰብ እየመጣ የየራሱን ወሰደ። በመጨረሻ የወጣው ሬሳ ፊቱ አይለይም። የለበሰው ግን ቀይ ጨርቅ የተጣፈበት ካፖርት ነው። ሚስቴ የእጇን ሥራ አወቀች። በቃ፣ ሞትኩ።

እኔ ጋምቤላ ወባ ጥሎኝ ነበር። ስልክ የለ፣ መልክተኛ የለ። ጎሬ የደረስኩት በአርባዬ ዕለት ነው። በሬ ታርዶ፣ ሰዉ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ተዝካሬን ይበላል። በሩ ላይ ስቆም አንዲት ሴት ሳህኗን ጣለች። ሚስቴ ፀጉሯን ተላጭታለች፤ አይታኝ ወደ ጓዳ ሮጠች። ከዚያ ሁሉ ሥጋ አንድ ጉርሻ ያቀረበልኝ ሰው አልነበረም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሚስቴ ከእኔ ጋር ከአንድ ሳህን መብላት አቃታት፤ ቡሬ ወዳሉት ዘመዶቿ ሄዳ በዚያው ቀረች። የእድሩ ዳኛ ጋሼ ለማ "እድራችን አንድ ሰው ሁለቴ አይቀብርም" አሉኝ። "ታዲያ እዚያ ውስጥ የተኛው ማን ነው?" ስላቸው "መንገደኛ ነው፤ እግዜር ያውቀዋል" አሉ። መቃብሩ ጋ ወስደው ድንጋዩን ሲያሳዩኝ ማንበብ አልችልም ነበር። የገዛ ስሜ መሆኑን ያነበበልኝ ሌላ ሰው ነው። ከዚያ ወዲያ ጎሬን ትቼ ያዮ ገባሁ፣ የማታ ትምህርት ጀመርኩ። ጎልማሳ ሆኜ ፊደል የቆጠርኩት ሌላው ጋዜጣ ሊያነብ እንደሚማረው አይደለም። መቃብሬን ራሴ ላነብ ነው።

ከያዮ መነሳት

አሁን የቡና መጋዘን ዘበኛ ነኝ። ካለፈው ክረምት ወዲህ ደረቴን ይዞኛል። ሐኪሙ ብዙ አላወራም፤ እኔም አልጠየቅኩም። የያዮ እድር ልግባ ስል ሽማግሌዎቹ አንድ ነገር አሉኝ፦ የቀድሞ እድርህ ዳኛ "ተፈራ በሕይወት አለ፣ ከእኛ ወጥቷል" ይበለን። እዚያው እኔ ፊት፣ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው ለጋሼ ለማ ደወሉ።

"ተፈራ ዋቅጅራ ሞቷል። እኛው ነን የቀበርነው" አሉና ዘጉት።

በዚያው ሳምንት ከድር ደወለልኝ። ከድር የስልጤ ሰው ነው፤ በጎሬ አሮጌ መናኸሪያ በር ላይ ሱቅ አለው፣ የተዘጋውን ግቢ ቁልፍም የያዘው እሱ ነው። በተሸካሚነቴ ዘመን ወዳጄ ነበር። "መናኸሪያውን ሊያፈርሱት ነው፤ ፎቅ ሊቆምበት ነው። ማየት ከፈለግህ ቶሎ ና" አለኝ። ጥሩ አልኩ። በዚያውም ጋሼ ለማን አገኛቸዋለሁ። በስልክ ገድለውኛል፤ እስኪ ዓይን ዓይኔን እያዩ ይግደሉኝ።

ጥቅምት እያለቀ ነበር የተነሳሁት። ያዮ በዚህ ወቅት ሰው የለባትም፤ ሁሉም ጫካ ገብቶ ቡና ይለቅማል። ሚኒባሱ የሞላው ዘግይቶ ነው። ከጎኔ ማር በጀሪካን የያዘች ወፍራም ሴትዮ ተቀመጠች። መንገዱ ተቆፍሮ ስለነበር በየጉድጓዱ ማሩ ከክዳኑ እየተንጠባጠበ ሱሪዬ ላይ ይፈሳል።

"ይቅርታ አባባ" አለችኝ። "መቱ ነዎት ወይስ ያልፋሉ?"

"ጎሬ ነኝ።"

"ለቅሶ ነው?"

"አዎ።"

"ማን ሞተብዎት?"

"እኔ።"

ጀሪካኗን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው። እስከ ሁሩሙ አላናገረችኝም። ሱሪዬ ግን ዳነ።

ከያዮ እስከ ሁሩሙ መንገዱ በዛፍ መሐል ነው። ዛፎቹ ከላይ ተገናኝተው ቀኑን ያጨልሙታል፤ ከሥራቸው ያለው ቡና ቀልቷል። ሁሩሙ ላይ ሻይና ዳቦ ሠላሳ ብር ከፍዬ በላሁ። ሶር ወንዝን ተሻግረን መቱ ስንገባ ፀሐይ ነበረ።

መቱ

ስለ መቱ ብዙ የምለው የለኝም። ባለጋራ ከተማ ናት። የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማነት ከጎሬ ወደ እሷ ከዞረ ጀምሮ የጎሬን ቢሮም፣ የጎሬን ነጋዴም፣ የጎሬን መኪናም ስትወስድ ኖራለች። መናኸሪያዋ ሰፊ ነው፤ ባጃጁ፣ ጥሪው፣ የሎተሪ ሻጩ ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል። ረዳቶቹ በአማርኛም በኦሮምኛም አንድ ላይ ይጠራሉ፤ "ጎሬ! ጎሬ! አባባ ኮቱ፣ ቦታ አለ!" ብሎ አንዱ በክንዴ ጎተተኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ የጫፉ ወንበር ላይ የአንድ ሰው ሹራብ ተጥሏል። ረዳቱ "ይቀመጡ እንጂ፣ ሹራቡን ወዲያ ይበሉት" አለኝ። አልተቀመጥኩም። ከኋላ ተጣብቄ ሄድኩ። የሰው ልብስ ባለበት ወንበር ላይ መቀመጥ እስከ ዛሬ አይሆንልኝም።

ጎሬ

ከመቱ ጎሬ ሩቅ አይደለም፣ ግን ዳገት ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ፀሐዩ ከኋላችን ቀረና ጭጋግ ውስጥ ገባን። ሾፌሩ መብራት አበራ። ስወርድ ከእጄ ወዲያ የሚታየኝ ነገር አልነበረም። ከጭጋጉ ውስጥ ሁለት አሮጊቶች ዣንጥላ ይዘው መጡ። አንደኛዋ ቀና ብላ አየችኝና ቆመች። ሌላዋን በክርኗ ነካቻት። ሁለቱም አማተቡና መንገዱን ተሻግረው ሄዱ። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ እንኳ አልረሱኝም። በጎሬ እንደኔ የሚታወስ ሟች የለም።

ከድር ሱቁ ውስጥ ስኳር ይመዝን ነበር።

"አህላን የእኛ ሟች!" አለኝ። አቅፎ ጀርባዬን መታኝ። "ጎሽ፣ አጥንት አለህ። ውሃ ስጠኝ በለኝ እንጂ ዱቤ እንዳትለኝ፤ ለሞተ ሰው ዱቤ አልሰጥም።"

"ቁልፉን አምጣ" አልኩት።

ሳቁን ተወ። "ዛሬ ገበያ ነው። ሴትዮዋ ውስጥ ናት። እንዳትደነግጥ።"

"የቷ ሴትዮ?"

"ግባና ታያታለህ።"

የመናኸሪያው ነገር

ይህን ቦታ ከማፍረሳቸው በፊት እንዴት እንደነበር ልጻፈው። ሌላ የሚጽፈው የለም።

ሽማግሌዎች ሲያወሩ እንደሰማሁት፣ መጀመሪያ የሲራራ ነጋዴ በቅሎውን የሚያራግፍበት ሜዳ ነበር። በኋላ አጥር ታጠረና አውቶቡስ ቆመበት። በሩ ወደ ምሥራቅ ነው፣ ባለ ሁለት ተካፋች ብረት። ስትገባ በቀኝ የስምሪት ቢሮና የትኬት መስኮት አለ። በግራ በቆርቆሮ የተከደነ ረጅም መጠለያ፣ ከሥሩ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ የእንጨት አግዳሚ። ፊት ለፊት፣ ከግቢው ጫፍ፣ አውቶቡስ ጣራ ላይ ዕቃ የምንጭንበት ከፍ ያለ የድንጋይ መድረክ። ከመድረኩ ጀርባ የእኛ የተሸካሚዎች ክፍል። መሐሉ ባዶ ሜዳ ሆኖ አውቶቡሶቹ ጎን ለጎን ይቆሙበታል። መቱ እየወፈረች ጎሬ ስትከሳ የአዲስ አበባው አውቶቡስ እዚህ ማደሩን ተወ፤ ከዚያ ለቀሩት ሚኒባሶች ከታች በኩል ሌላ ቦታ ተሰጣቸው፤ ይሄኛው ተዘጋ።

ከድር በሩን ከፍቶልኝ እሱ ውጭ ቀረ።

ግቢው ውስጥ ሣር እስከ ጉልበቴ ደርሷል። ከሜዳው መሐል ግን ሣር ያልበቀለባቸው ቦታዎች አሉ፤ ረዣዥም፣ ጠባብ፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ። መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ የመቃብር መደብ መሰለኝ። ቀርቤ ሳይ አውቶቡሶቹ የሚቆሙበት ነው። ዘይት ሲፈስበት የኖረ መሬት ሣር አላበቅልም ብሎ፣ የአውቶቡሶቹ ቅርጽ እንዳለ ቀርቷል። የአዲስ አበባው ከበሩ አጠገብ ያለው ነው። አልረገጥኩትም። ዞሬ አለፍኩ።

የትኬት መስኮቱን በድንጋይ ደፍነውታል። በቢሮው ጣራ ላይ ጉሬዛዎች ተቀምጠው ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለዋል፤ ሳልፍ አንዳቸውም አልተንቀሳቀሱም። የተሸካሚዎች ክፍል በሩ የለም። ልብሳችንን የምንሰቅልባቸው ሚስማሮች ግን ግድግዳው ላይ በረድፍ አሉ። ሁሉም ላይ የሆነ ነገር ቀርቷል፤ የበሰበሰ ገመድ፣ የጆንያ ቁራጭ፣ አንድ ባርኔጣ። ከበሩ አጠገብ ያለው የእኔ ሚስማር ብቻ ባዶ ነው። ከእኔ በኋላ እዚያ ክፍል ዓመታት ተሠርቷል፣ ስንት ተሸካሚ ገብቶ ወጥቷል። አንድም ሰው አልሰቀለበትም።

ተመልሼ ስወጣ መጠለያው ሥር አየኋት።

አግዳሚው ላይ

ነጠላ የተከናነበች አሮጊት ናት። አግዳሚውን ከጫፍ ጫፍ የዛፍ ሽበት ወርሶታል፣ እንጨቱ አረንጓዴ ሆኗል። እሷ የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ንጹሕ ነው፤ ሰው በየቀኑ እንደሚጠርገው ጠረጴዛ ያበራል። ፊቷን ሣር ወዳልበቀለበት ቦታ አዙራለች። አውቶቡስ እንደቆመበት ዓይነት ነው የምታየው።

በኦሮምኛ ሰላም አልኳት። ደህና መሆኔን ጠይቃ ቦታ ለቀቀችልኝ፤ ከንጹሑ ሳይሆን ከአረንጓዴው።

"ማንን ይጠብቃሉ አዴ?" አልኳት። አዴ በእኛ አገር ለእናት የሚባል ነው።

"ልጄን። ከኡካ ነው የምመጣው፣ ገበያ ሲሆን።"

"እዚህ እኮ አውቶቡስ አይመጣም።"

"አውቃለሁ። ዕውር አይደለሁም።" ቆጣ አለች። "ግን እዚህ ጠብቂኝ ነው ያለኝ። 'ቦታ ካለ አይቼ ልመለስ' ብሎ ወደዚያ ሄደ። ጭጋግ ነበር፣ ልክ እንደዛሬው። አውቶቡሱ ወጣ፣ ሰዉ ተበተነ፤ ገመቹ አልተመለሰም።"

የትኛው አውቶቡስ እንደሆነ ጠየቅኳት፤ ገደል የገባው ነው አለች።

"ወሬውን ስሰማ መጥቻለሁ" አለች። "ሬሳ ሁሉ ባለቤት አግኝቷል አሉኝ። አንድም የተረፈ የለም አሉኝ። እንግዲያስ እዚያ ውስጥ አልነበረም። በሌላ መኪና ሄዷል።"

"ልጅዎ ምልክት አለው?"

"ቀኝ እግሩ ትንሿ ጣት የለውም። ልጅ ሆኖ መጥረቢያ ቆርጦታል።" ከዚያ ዞር ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን ትክ ብላ አየችው። "አንተ ያ ተሸካሚ አይደለህም? ሞቶ የተመለሰው?"



ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። ሌላ ሰው እንዳይሰማ ነው፤ ግቢው ውስጥ ከጉሬዛዎቹ በቀር ማንም የለም። "ስንት ጊዜ ልጠይቅህ ፈልጌ አጣሁህ። እዚያ አይተኸዋል? ገመቹ የሚባል፣ ቀጭን፣ ረጅም ልጅ?"

 

"እኔ የትም አልሄድኩም አዴ" አልኳት። "ጋምቤላ ነበርኩ።"

"አላየኸውም?"

"አላየሁትም።"

ወደ ኋላ ተደግፋ ተነፈሰች። "ተመስገን። እዚያ ከሌለ እዚህ አለ" አለች፤ እንደገና ሜዳውን ማየት ጀመረች።

ተነስቼ ወጣሁ። የገባኝ እዚያው ነው። በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ሰው ያልተቀመጠበት አንድ ወንበር ነበረ፤ ካፖርቴ የተጣለበት። የከተማ ልጅ ቢሆን አይነካውም ነበር። ገመቹ የገጠር ልጅ ነው፤ የተሸካሚ ልብስ ሕግ መሆኑን አያውቅም። ባዶ ወንበር አየ፣ ተቀመጠ። ከወረደ ቦታው ሊወሰድበት ነው፤ ለእናቱ ሳይናገር ቀረ። በረደው፣ ለበሰው። በዚያ ካፖርት ምክንያት እኔ ሞትኩ፤ በዚያው ካፖርት እሱ ሳይሞት ቀረ።

ልነግራት እችል ነበር። ግን መርዶ እንዲያ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ በገዛ ደጇ ነው የሚነገረው። ባዶ ግቢ ውስጥ፣ ያውም ከሞተ ሰው አፍ አይሆንም።

ጋሼ ለማ

ጋሼ ለማ በረንዳቸው ላይ ብርድ ልብስ ለብሰው ተቀምጠዋል። አርጅተዋል። ሲያዩኝ አላማተቡም።

"መጣህ" አሉ።

"መጣሁ። ሞቻለሁ ወይስ አለሁ? ይንገሩኝ።"

"እድሩ የወሰነውን..."

"እድሩን ይተዉት። እርስዎ ነዎት ሬሳውን የገነዙት፤ በእጅዎ ያጠቡት።" ጎንበስ ብዬ ቀኝ ጫማዬን አወለቅኩ፣ ካልሲዬን አወለቅኩ፣ እግሬን በረንዳቸው ጠርዝ ላይ አኖርኩት። "ያ ሰው ትንሿ ጣት ነበረችው?"

እግሬን አዩት። ሚስታቸው ከቤት ብቅ ብላ አየችንና ተመልሳ ገባች።

"ሸፍነው። ይበርድሃል" አሉ በመጨረሻ።

"ይመልሱልኝ።"

"አልነበረችውም።" ድምፃቸው ቀጠነ። "መጀመሪያ ወንዙ ነው፣ ዓሣ ነው አልኩ ለራሴ። ግን የዳነ፣ የቆየ ጠባሳ ነው። ቀና ስል ሚስትህ ከውጭ ትጮሃለች፣ ድንኳኑ ቆሟል፣ ሴቶቹ ደረት ይመታሉ፣ ጉድጓዱ ተቆፍሯል። ምን ልበል? ወጥቼ ዝም በሉ፣ የእናንተ አይደለም ልበል? የተነሳ ለቅሶ ማን ያስቆማል ተፈራ? ባለቤት የሌለው ሬሳ ያለ አልቃሽ ሊቀበር ነው። በአንተ ስም ይለቀስለት አልኩ።"

"ከዚያ እኔ መጣሁ።"

"መጣህ። አለ ካልኩ 'ታዲያ የማን ልጅ ነው?' ሊሉኝ ነው። ምን እመልሳለሁ?"

"እናቱ አሁን መናኸሪያው ውስጥ ተቀምጣለች። ከኡካ ናት። የትንሿን ጣት ነገር አሁን ነገረችኝ።"

ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳቡት። "የኡካዋ ሴት። በገበያ ቀን በዚያ በኩል ማለፍ ከተውኩ ቆይቻለሁ" አሉ። "ጠርጥሬ ነበር። መጠየቅ ፈራሁ። አንተን ከመቃብር ላወጣ እሷን ልቀብር ነው?"

"ተቀብራለች ጋሼ። እዚያ አግዳሚ ላይ ነው የቀበሯት" አልኳቸው።

ጫማዬን አደረግኩ። ልሄድ ስል "ነገ ኡካ እንሄዳለን" አሉ። "ሁለት ሽማግሌ እይዛለሁ። አንተም ትመጣለህ።"

ኡካ

ኡካ የሀሉ ወረዳ ከተማ ናት። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። ጋሼ ለማ በዚያ ዕድሜያቸው ጭቃው ውስጥ ቆመው ይገፋሉ፤ ተዉ ስንላቸው እንቢ አሉ። የገመቹ አጎት ቤት አደርን። ነገሩን ስንነግረው አልጮኸም፤ ትንሿን ጣት ሁለት ጊዜ አስደገመንና ወጥቶ ጎረቤት ጠራ።

ማለዳ፣ ጤዛው ሳይነሳ፣ ሁላችን ደጇ ላይ ቆምን። ወንዶቹ ፊት፣ ሴቶቹ ኋላ። ማንም አይናገርም። እሳት ልትጭር ወጥታ በሩን ስትከፍት ያን ሁሉ ሰው አየች። እንዲያ ያለ ሕዝብ በማለዳ ደጅ ላይ ዝም ብሎ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ አገሬው ሁሉ ያውቃል። ዓይኗ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ መጣ፤ እኔ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"አላየሁትም ብለኸኛል" አለች።

ጋሼ ለማ ወደ ፊት ወጡና ነገሯት። ምንም ሳያስቀሩ፤ እጃቸው ያጠበውን፣ ዓይናቸው ያየውን። ሴቶቹ ሊጮኹ አፋቸውን ሲከፍቱ እጇን አንስታ አስቆመቻቸው። ጋሼ ለማ አይቆምም ያሉትን ለቅሶ እሷ በአንድ እጅ አቆመችው።

"ያን ጊዜ ተለቀሰለት?" አለች። የጠየቀችው እኔን ነው።

ያን ለቅሶ ስጠላው ኖሬያለሁ። ማን ምን እንዳለ፣ ማን የት እንደወደቀ በየጠላ ቤቱ ሰምቼው በልቤ ይዤዋለሁ። አንድ በአንድ ሰጠኋት። ጎሬ በሙሉ ወጥቷል አልኳት። ተሸካሚዎቹ በተራ ተሸክመውታል፣ አናስነካም ብለው። መናኸሪያው ያን ቀን አልሠራም፣ ሾፌሮቹ ቆመው ጥሩንባ ነፍተውለታል። ሚስቴ ፀጉሯን ተላጭታለታለች፣ ፊቷን ቧጥጣለታለች። ለአርባው በሬ ወድቋል።

"ሚስት አልነበረችውም" አለች።

"ያን ቀን ነበረችው" አልኳት።

ያን ጊዜ እጇን አወረደች። ሴቶቹም ጀመሩ።

መመለስ

ያዮ የገባሁት ቡናው ተለቅሞ ሊያልቅ ሲል ነው። ጋሼ ለማ ለያዮ እድር በስልክ አልተናገሩም። ራሳቸው መጥተው በሽማግሌዎቹ ፊት ቆመው "ተፈራ ዋቅጅራ በሕይወት አለ። የቀበርነው የሰው ልጅ ነበረ፤ ስሙን አሳስተን ነው" አሉ። ይቅርታ የሚል ቃል ግን አልወጣቸውም። እኔም አልጠበቅኩም። አሁን የሚቀብረኝ አለኝ፤ ከሰው የምፈልገው ያን ነበር። ጉዞው ምን አስተማረህ ለሚለኝ፣ የሰው ሞት ተሸክሜ የእኔ ነው ብዬ ስጣላበት እንደኖርኩ አስተማረኝ እለዋለሁ።

መናኸሪያው ፈርሷል። ከድር አግዳሚውን ገዝቶ ሱቁ በር ላይ አድርጎታል፤ ንጹሑን ቦታ ቀለም እንዳይቀቡት ብሎ ከአናጢው ጋር ተጣልቷል። እሷ ግን ከዚያ ወዲያ አልተቀመጠችበትም። ገበያ ሲሆን ቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነው የምትወጣው።

ድንጋዩ በሚቀየርበት ዕለት እኔም ሄድኩ። አሮጌውን ነቅለው ጎኑን ሲያስተኙት ለመጨረሻ ጊዜ ስሜን አነበብኩት። ቀራጩ ፊደሌን አበላሽቶታል፤ ያኔ ማንበብ ብችል ኖሮ እነግረው ነበር። አዲሱን ሲያቆሙ አዴ ጫልቱ፣ የገመቹ እናት፣ አጠገቤ ቆማ ነበር። ማንበብ ስለማትችል አነበብኩላት፦ ገመቹ። ደግሜ አነበብኩላት። እሷም ድንጋዩን በመዳፏ ዳበሰችው።

ከዚያ እጅጌዬን ያዘችና ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀችኝ።

"ያ ካፖርትህ ይሞቃል?"

"ይሞቃል አዴ" አልኳት። "የወታደር ነው። ነፋስ አያስገባም።"

ራሷን ነቀነቀች። ይህ የሆነው ኅዳር ሃያ አንድ፣ የጽዮን ማርያም ዕለት ነው።